እስትንፋሳቸውን የፈሩት ቄስ

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ዐሥር ቀን፣ ቄስ ኃይለመስቀል የማናለብሽን ልጅ ቀበሩ። ሕፃኑ የሞተው በተወለደ በአርባ ሰባተኛ፣ በተጠመቀ በሰባተኛ ቀኑ ነው። ቄሱ ራሳቸው አጥምቀው በዐሥር ቀን ውስጥ የቀበሩት ሦስተኛ ሕፃን ነበር።

ሦስቱም የሞቱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መጀመሪያ አፍንጫቸው ይዘጋል። ከዚያ አጭርና ደረቅ ሳል ይመጣል። ቀጥሎ ጡት እምቢ ይላሉ። በመጨረሻ ትንፋሻቸው ይፈጥንና አየር በሳቡ ቁጥር በጎድን አጥንቶቻቸው መሃል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቄሱ ይህን ሦስት ጊዜ አይተዋል። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ እንደማይተርፍ ከእናቱ ቀድመው አወቁ።

ቄስ ኃይለመስቀል ያኔ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ከሞላሌ በላይ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኘው፣ ከገብስ በቀር እህል በማይበቅልባት ጨፌ ማርያም ነው። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ቀስሰው እዚያው አገለገሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሰው በሁለት ነገር ያውቃቸዋል። ሲቀድሱ ድምፃቸው ከቅጥሩ ውጭ ይሰማል፤ ሕፃን ሲያጠምቁ ደግሞ አይቸኩሉም። ሌላው ካህን ልጁን ከውሃው አውጥቶ ወዲያው ለክርስትና አባቱ ሲያስረክብ፣ እሳቸው በራሳቸው ጋቢ አድርቀው፣ ጩኸቱ እስኪበርድለት ደረታቸው ላይ ይዘውት ይቆያሉ። እናቶች ለዚህ ይወዷቸው ነበር።

ጣልያን ሞላሌ ላይ ምሽግ ከሠራ ወዲህ በአካባቢው ካህን ጠፍቷል። አንዱን ከአርበኞች ደብዳቤ ተቀብለሃል ብለው አስረው ወስደውታል፤ ሁለቱ ዱር ገብተዋል። በጨፌ ማርያም የቀሩት ቄስ ኃይለመስቀል ብቻ ናቸው። ለቅዳሴ ከሳር አምባ ሚካኤልና ከዋሻ ጊዮርጊስ ካህናት ይመጡላቸዋል። የታመመ መጠየቁን፣ ጠበል መርጨቱን፣ ፍትሐቱን፣ ጥምቀቱን ግን ብቻቸውን ይሠሩታል። ጠዋት የታመሙ ሰዎችን ቤት ዞረው ከሰዓት በኋላ ሕፃን የሚያጠምቁበት ቀን ብዙ ነበር።

ሳሉ የገባው ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከውርጩ ጋር ነው። ትልልቁን ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት አስልቶ ይተወዋል። ቄሱን ኅዳር ዐሥራ ስምንት ቀን ያዛቸው። ኅዳር ሃያ አንድ፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ እያሳላቸው አንድ ወንድ ልጅ አጠመቁ። በዐሥረኛው ቀን ሞተ።

ሰው «ብርድ መታው» አለ። እሳቸውም አመኑ። በዚያ ወቅት በጨፌ ማርያም ማለዳ ላይ በገንዳ ያለ ውሃ በረዶ ይሠራል፤ አንድ ፍሬ ሕፃን ራቁቱን እዚያ ውስጥ ገብቶ ሲታመም ማንም ሌላ ምክንያት አይፈልግም። ስለዚህ ለታኅሣሥ ሦስት፣ ለበዓታ፣ የተዘጋጁትን ሦስት ሕፃናት ከብርድ ሊጠብቁ ቆርጠው ተነሡ። ውሃው በትልቅ ድስት እንዲሞቅ አዘዙ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለችውን ክርስትና ቤት፣ ማለት ሕፃናት የሚጠመቁባትን ጠባብ ክብ ቤት፣ ስንጥቋን ሁሉ በገለባና በበግ ለምድ አስደፈኑ፤ መሃሏ ላይ እሳት አስነደዱ። ጾም ስለነበረ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። እናቶቹ ደጅ ላይ ብርድ እንዳያገኛቸው ብለው ልጆቻቸውን ይዘው ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ውስጥ እንዲቆዩ አደረጉ። እሳቸውም አብረዋቸው ተቀመጡ። መጽሐፍ አነበቡላቸው፣ አጫወቷቸው፣ በመሃሉም ይስላሉ። ሲያጠምቁም ሦስቱን ልጆች አንድ በአንድ ባና በተባለው ወፍራም የሱፍ ልብስ ጠቅልለው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ያህል አቅፈው ቆዩ።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም ሳል ጀመራቸው። ሁለቱ ሞቱ። ሦስተኛዋ፣ የሰማንያ ቀን ልጅ፣ ከእናቷ ጋር ተኝታ ገና ከሞት ጋር ትታገል ነበር።

በማናለብሽ ልጅ ቀብር ላይ ከሳር አምባ የመጡ ሁለት ሴቶች ከቄሱ ኋላ ቆመው ይነጋገራሉ።

«እኛ ዘንድ አባ ገብረየሱስ በዚያው በበዓታ ሁለት አጥምቀዋል» አለች አንዷ። «ደጅ ላይ፣ በረዶውን በድንጋይ ሰብረው። አንዱም አላስነጠሰ።»

«ምን ይሆናል ታዲያ?»

«እንጃ። ሽማግሌው ጥርስ ስለሌላቸው ጸሎቱን ቶሎ ይጨርሱታል፤ ልጁ ሳይበርደው ይወጣል።»

ሌላዋ ሣቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ቄሱ አልዞሩም። አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ በቆሙበት ቆዩ፤ ከዚያ ሰዉን ሳይሰናበቱ ወደ ክርስትና ቤቷ ሄደው በሯን ከፍተው ገቡ። በሳር አምባ የሌለ፣ እዚህ ግን የነበረ ነገር ምን እንደሆነ እየቆጠሩ ዙሪያውን አዩ። እሳቱ ነበር። ሙቅ ውሃው ነበር። የተደፈነው ስንጥቅ ነበር። ሌላ ምን ነበር ብለው ሲያስቡ ሳል መጣባቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ብዙ ሳሉ።

ሳል እንደሚጋባ ማንም ያውቃል። ጉንፋን ከያዘው ሰው ዋንጫ አይጠጣም፤ የሚያስለው ሰው አጠገብ አይተኛም። ቄሱም ያውቁ ነበር። ያስፈራቸው ሌላ ነገር ነው። በጥምቀቱ መጨረሻ ካህኑ ሕፃኑን ወደ ፊቱ አቅርቦ፣ መንፈስ ቅዱስን ተቀበል ብሎ ፊቱ ላይ እፍ ይላል። ያን ጊዜ በካህኑ አፍና በሕፃኑ አፍንጫ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። ቄስ ኃይለመስቀል በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ስንት መቶ ጊዜ እንዳደረጉ አያውቁትም። በመጨረሻዎቹ አራት ጊዜያት ግን እያሳላቸው ነው ያደረጉት።

የእግዚአብሔር ጸጋ የሚተላለፍበት እስትንፋስ ሞትም ያስተላልፋል ብሎ ማሰብ ራሱ ኃጢአት መሰላቸው። ለማንም አልተናገሩም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች መስቀል ሊሳለሙ ሲጠጉ እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ሰዎቹ የተቆጧቸው መሰላቸው።

ሊያጠምቁት ቀን ይጠብቁለት የነበረ አንድ ሕፃን አለ። የልጃቸው የአጥናፉ ልጅ ነው። የተወለደው ኅዳር ዐሥራ ሦስት ነው፤ አርባ ቀኑ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ይሞላል።

አጥናፉ ከአርበኞች ጋር ወደ ጀማ በረሃ ከወረደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በየካቲት አንድ ጊዜ ተደብቆ መጥቶ ሁለት ቀን ከሚስቱ ከጥሩሸዋ ጋር ቆይቶ ተመልሷል። ይህን መናገር አይቻልም። ሞላሌ ያሉት ከሰሙ ቤቱን ያቃጥሉታል። ስለዚህ የጥሩሸዋ ሆድ ሲገፋ ያየ ሁሉ የልቡን በልቡ ይዞ ዝም አለ። አያቱ ራሳቸው ልጁን ሲያጠምቁት ነገሩ ያለ ንግግር ይዘጋል ብሎ ሁሉም ይጠብቃል።

ቄሱ የልጅ ልጃቸውን አይተውት አያውቁም። ወንድ ሲወለድ አርባ ቀን ሳይሞላ ካህን አራስ ቤት አይገባም፤ ከገባ ቤተ መቅደስ መግባት ይቀርበታል። ከቤታቸው በስተጀርባ ባለችው ትንሽ ቤት ጥሩሸዋና ልጇ ከአዋላጇ ከጠጄ ጋር ብቻ ነበሩ። ቄሱ ክርስትና ቤቷ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው በቆሙበት ሰዓት የተረዱት ይህንንም ነው። ልጁን እስካሁን ያቆየው እሳቸው እንዳይገቡ የከለከላቸው ሥርዓት ነው። አርባው ቀን ሲሞላ ግን በሩ ይከፈታል፤ ልጁንም ይዘው የሚያመጡት ለእሳቸው ነው።

ሳሉ እንዲተዋቸው ዐሥራ ሁለት ቀን ነበራቸው። ነጭ ሽንኩርት በማር በሉ፣ ፌጦ ጠጡ፣ ጤና አዳም አሸተቱ። አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው መሄድ ጀመሩ፤ ሰው ግን ውርጩን ፈርተው መስሎት አልጠየቃቸውም። ለልጁ ማተብ ብለው ገና በኅዳር የገመዱት ክር ነበራቸው። ክሩን ሲገምዱ ጫፉን በምራቃቸው አርሰውት እንደነበር ትዝ ሲላቸው አውጥተው እሳት ውስጥ ጣሉት። ማታ ማታ የሟቾቹን ሕፃናት ስም እየጠሩ ይጸልያሉ፤ ጸሎቱ ሳይገባደድ ደረታቸው ይነሣባቸዋል። ታኅሣሥ ሃያ አንድም ሳሉ እንዳለ ነው።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ቄሱ፣ ከዋሻ ጊዮርጊስ የሚመጡት ዲያቆናት የይለፍ ወረቀት አላገኙም ብለው ጥምቀቱን አስተላለፉት። ሐሰት ነበር። በማግስቱ ጠጄ መጣችባቸው። ጠጄ የአጥቢያውን ግማሽ ሰው ያዋለደች፣ አጥናፉንም በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። ቄሱ ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ እንዲቀመጥበት ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀመጡትን በርጩማ አይታ ሳትቀመጥበት ቀረች።

«አባ፣ ምንጭ ላይ የሚወራውን ነግሬዎት ልሂድ።»

«ተናገሪ።»

«ልጁ የአጥናፉ ቢሆን ኖሮ አያቱ ውሃ አይነፍጉትም ነበር ይላሉ።»

ቄሱ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አጠበቁ።

«ያቺ ምላሰኛ ጎረቤት እታገኝ ደግሞ ጨመረችበት። ሳይጠመቅ እንዲሞትላቸው ነው የሚጠብቁት፣ ያን ጊዜ ፍትሐትም የለው፣ ተዝካርም የለው፣ ነገሩ ተቀብሮ ይቀራል፣ አለች።»

«አንቺ ምን አልሻት?»

«እኔማ ምንም አላልኳት። እንስራዋን ደፋሁባት።»

ቄሱ ሊሥቁ ሲሉ አሳላቸው። ጠጄ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«እንግዲህ አባ፣ በየካቲት የመጣውን ሰው እግር ያጠብኩት እኔ ነኝ። አፌን ከከፈትኩ ቤታችሁ ይነዳል። ስለዚህ እርስዎ ካላጠመቁት ለጥሩሸዋ የሚመሰክርላት ሰው የለም። ይህን እያወቁ ምን ያስጠብቅዎታል?»

«ለሷ እነግራታለሁ» አሉ ቄሱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አራስ ቤቱ ሄዱ። ከበሩ ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀራቸው፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ ቆሙ። ነፋሱ ከቤቱ ወደ እሳቸው እንደሚነፍስ በጋቢያቸው ጫፍ አረጋገጡ።

«ጥሩሸዋ።»

«አቤት አባባ።»

«ልጁ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ነው። ጠብቶ ተኛ።»

«ትንፋሹስ?»

«ደህና ነው አልኩዎት እኮ። ለምን አይገቡም? አርባው እንደሆን ሞልቷል።»

ከዚያ ነገሯት። ስለ በዓታው ዕለት እሳት፣ ስለ ተደፈነው ስንጥቅ፣ ስለ ሳር አምባ ውሃ፣ በመጨረሻም ስለ እስትንፋሱ። ሲናገሩ ቃሎቻቸው እንደ ቆጠራ አንድ በአንድ ይወጡ ነበር።

«የማናለብሽም ልጅ?» አለች ጥሩሸዋ።

«የማናለብሽም።»

«ታዲያ እስኪተውዎት እንጠብቃለና።»

«መቼ እንደሚተወኝ አላውቅም። እስከዚያ ልጁ ቢታመምስ?»

«ከታመመ ወዲያ ምን ይፈራል? ያን ጊዜ ሮጠው ያጠምቁታል።» ወደ በሩ ተጠግታ ቀጠለች። «ሳይታመም እንዲታመም ከምናደርገው ይሻላል።»

«ሰውስ የሚልሽ?»

«እሱን እየሰማሁ አይደል የከረምኩት። አልገደለኝም።» ቀጥላ ጠየቀች። «አባ ገብረየሱስ ለምን መጥተው አያጠምቁትም?»

«ለሳቸው ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

«ለኔ እንደነገሩኝ ነዋ።»

አባ ገብረየሱስ የቄሱ ንስሓ አባት ናቸው፤ ከሰባ ዓመት ያለፉ፣ ሚስታቸው ሲሞቱ የመነኮሱ፣ ጆሯቸው የከበደ። በጨፌ ማርያምና በሳር አምባ መካከል ጣልያን የቀደደው የመኪና መንገድ ያልፋል፤ መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ቄስ ኃይለመስቀል በሃያ አራተኛው ቀን በይለፍ ወረቀታቸው አልፈው ሳር አምባ ደረሱ። አባ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቄሱ ከካቡ ወዲያ ቆሙ።

«ቅረብ» አሉ አባ።

«አልቀርብም አባ።»

«ምን?»

«አልቀርብም። ንስሓ ልናገር መጥቼ ነው።»

«ታዲያ ከዚያ ሆነህ ነው? ቅረብ እንጂ፣ አይሰማኝም።»

ቄስ ኃይለመስቀል በሕይወታቸው ሊናገሩት በጣም ያፈሩበትን ነገር ካብ ተደግፈው ጮኸው ተናገሩ። ከእርሻው ላይ በግ የሚያግድ ሰው ቀና ብሎ አየ። አባ «ምን?» ሲሉ ደግመው ጮኹ። ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀመጡ። አባ የሚቆጡ፣ ወይም ከክህነትህ እሽርሃለሁ የሚሉ መስሏቸው ነበር።



«እስትንፋሱ የእግዚአብሔር ነው፤ አንተ ማነህና ያንተ ታደርገዋለህ?» አሉ አባ። «ሳሉ ግን ያንተ ነው። እሱን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አቆየው። የልጅ ልጅህን መጥቼ አጠምቃለሁ።»

ቄሱ ግንባራቸውን ወደ መሬት ደፉ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ለእናቶቹ ነግረሃል?»

«አልነገርኩም።»

«ለኔ አገር እስኪሰማ ጮኸህ ነገርከኝ። ለነሱ በቀስታ መናገር ምን ይከብድሃል?»



አባ በማግስቱ በበቅሎ ተነሡ። ጨፌ ማርያም ግን የደረሱት በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው። ኬላው ላይ ያሉት ወታደሮች ወረቀቱ የሌላ ሽማግሌ ነው ብለው አንድ ሌሊት አሳድረዋቸዋል። ቄሱ ከቅጥሩ በር ማዶ ሆነው ተቀበሏቸው፤ የጠየቁትም በመጀመሪያ ያሳደሯቸው የት እንደሆነ ነው።

«ከወታደሮቹ ጋር፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ» አሉ አባ። «ደግ ናቸው፤ ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ብቻ እንቅልፍ አይሰጡም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲስሉ ነው የሚያድሩት።»

ቄሱ ይህን ሲሰሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሦስቱን ሕፃናት ሳሉ የጀመራቸው በሦስተኛው ቀን እንደነበር አልረሱም።

«አባ፣ ሦስት ቀን ይቆዩልኝ» አሉ። «ክርስትና ቤቱን አስጠርጌ ድፍኑን ሁሉ አስነቅያለሁ። እዚያ ብቻዎን ይቀመጡ። ሦስት ቀን ካላሳለዎት ያጠምቁታል።»

«እኔንም ፈራኸኝ ማለት ነው።»

«አዎን አባ።»

ሽማግሌው ወደ ክርስትና ቤቷ ሄዱ። ጠጄ ምግባቸውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ቄሱ ጠዋትና ማታ ከቤቷ ራቅ ካለ ጥድ ሥር ቆመው ያዳምጣሉ። በመጀመሪያው ቀን የሰሙት ዳዊት ሲደገም ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ ከቀትር በኋላ አንድ ሳል ሰሙ።

«አባ» ብለው ጮኹ።

«ቆሎ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። «ጥርስ የሌለውን ሰው ቆሎ ታበላላችሁ፣ አንቆኝ ነው።»

«ቆሎ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«እኔ ነኛ የበላሁት።»

ቄሱ ሊያምኑ ፈለጉ። በማግስቱ ገና ነው፤ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ልጁ በዚያ ቀን ቢጠመቅ የእታገኝ አፍ ይዘጋል። ዓይናቸውን ጨፍነው የማናለብሽን ልጅ ጎን አሰቡ፤ የሚሰረጉደውን ሥጋ። ከዚያ «ከዛሬ ጀምረን እንደገና እንቆጥራለን» አሉ።

«ሦስት ቀን ደግሞ?»

«ሦስት ቀን።»

አባ ከውስጥ የተናገሩትን ለመድገም ያዳግታል። ግን አልወጡም። ጠጄ ከዚያ በኋላ ቆሎውን አስቀርታ የገብስ ገንፎ ወሰደችላቸው። ገናን በዚያች ቤት ብቻቸውን ዋሉ። ልጁም ሳይጠመቅ ገናን ዋለ፤ በዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች በአራስ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ እንዳደረጉ ጥሩሸዋ ከውስጥ ሆና ሰማች። ቄሱ በዚያ ቀን ቁርስም ራትም አልቀመሱም። በየሰዓቱ ወደ ማገዶው ክምር ሄደው «ትንፋሹ?» ይላሉ። እሷም «ደህና ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ ወዲያው ሳትመልስ ቀረች፤ ቄሱ በሩን ሊከፍቱ ሁለት እርምጃ ተራምደው ነበር። ተኝታ ነው።

ጥር አንድ፣ በልደታ ዕለት፣ አባ ገብረየሱስ ሳያሳላቸው አደሩ። ከዋሻ ጊዮርጊስ የመጡትን ካህንና ዲያቆናት ቄሱ ከሩቅ አንድ በአንድ አስተያይተው፣ አፍንጫውን የሚጠርግ አንድ ዲያቆን መልሰው ሰደዱ። ልጁን አባ አጠመቁት። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን የክርስትና አባት የሆነው ተገኘ ከሥር ደገፈላቸው። ፊቱ ላይ እፍ ያሉትም አባ ናቸው። ማተቡ ጠጄ የገመደችው ነው። ቄስ ኃይለመስቀል በዚያ ሁሉ ጊዜ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ከቅጥሩ ውጭ፣ የመግባት ፈቃድ እንደሌለው ሰው ቆመው ነበር። የሚያልፍ ሁሉ ያያቸዋል፤ ሁለት ሴቶች ተጠቃቀሱ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሴቶቹ እልል እያሉ ልጁን ሊስሙ ተጠጉ። ጠጄ ከእናቱ ፊት በትር ይዛ ቆማለች።

«የሚስም በትሬን ይሳም» አለች።

ያን ጊዜ ቄሱ ከቅጥሩ ውጭ ሆነው ድምፃቸውን አነሡ። ሰው ሲቀድሱ የሚያውቀው ድምፅ ስለሆነ ሁሉም ዞረ። የልጅ ልጃቸውን ሳያጠምቁ የቆዩት ለምን እንደሆነ ተናገሩ። የተናገሩት አጭር ነው። «ሳሌ ይጋባል፤ የሞቱትን ሦስት ሕፃናት፣ የተረፈችውንም ልጅ ያሳመማቸው ብርድ ሳይሆን እኔ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ይህ ልጅ እንዳይሞት ፈራሁ። የናንተ ሲሞቱ ግን አላስተዋልኩም ነበር። ከእንግዲህ የሚያስለው ሰው፣ ቄስም ቢሆን፣ ሕፃን አይቅረብ፤ አይሳም።»

ማናለብሽ ከፊት ቆማ ነበር፤ ከጥሩሸዋ ሁለት ክንድ አትርቅም። ከልጇ ቀብር ወዲህ የተላጨው ፀጉሯ ገና አልበቀለም።

«የኔን ሲያጠምቁ ያውቁ ነበር?» አለች።

«አላውቅም ነበር።»

«ከቀበሩት ወዲያስ?»

ቄሱ ጎንበስ አሉ። «ያን ዕለት አወቅሁ። ሃያ ቀን ደበቅሁሽ።»

ማናለብሽ ቄሱን አየቻቸው። ከዚያ ዞራ በጥሩሸዋ እቅፍ ያለውን ልጅ አየች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ እሷንም ከልጇ ጋር የያዛት ሳል ገና አልለቀቃትም ነበር። ወደ ኋላ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥር እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ርቀት ላይ ቆማ አለቀሰች። እታገኝ ሄዳ ትከሻዋን ያዘቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ቀን ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አልቀረም። ጥር ሁለት ቀን ልጁ ደህና ነበር። ጥር ሦስት ማለዳ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ ጥሩሸዋ ይህን ልትደብቃቸው አስባ ሳትችል ቀረች። ቄሱ ያን ቀን ከማገዶው ክምር አልተለዩም። ጠጄ ውሃ አምጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችላቸው። ዳዊት መድገም ጀምረው የቱ ጋ እንደደረሱ እየጠፋባቸው ከመጀመሪያው ይመለሳሉ። ሲመሽ ልጁ እንደወትሮው ጠባ።

ጥር አምስት ቀን ጥሩሸዋ ልጁን ይዛ ወደ ፀሐይ ወጣች። ከበሩ ሳትርቅ ቆመች።

«ይዩት» አለች፤ ጨርቁንም ከደረቱ ላይ ገለጠችው።

ቄሱ የልጅ ልጃቸውን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ማንን እንደሚመስል አልተመለከቱም። ዓይናቸውን ከጎኑ ላይ ተከሉ። ደረቱ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ሥጋ እንዳለ ነው። በአፋቸው ሳያሰሙ ይቆጥራሉ።

«በቃዎት?» አለች።

«ትንሽ።»

«ብርድ ነው እኮ አባባ።»

«አስገቢው» አሉ።

ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው። ገብታ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው፣ ያን ያህል ጊዜ አፍነው የያዙትን ሳል ለቀቁት።